ቤንዚን ያልቀመሰችው ቮልስ

ተአምር ነው የሚሏችሁን አትስሙ። በዚያ ዓመት በቅዱስ ክርስቶፎሮስ ዕለት ዡሳራ አደባባይ ላይ የሆነውን ያየሁት እኔ ሲርሌይ ነኝ፤ እዚያው አደባባይ ላይ ሸንኮራ እየጨመቅሁ ያረጀሁት። ባለፈው ሳምንት አንዱ ታክሲ ነጂ ጭማቂዬን እየጠጣ፣ ቅዱሱ ራሱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አስነሳው ብሎ ሊያስረዳኝ ተነሳ። ብርጭቆውን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ። ቅዱሱ ከእንጨት የተጠረበ ነው። በአንድ እጁ ትከሻው ላይ ያለውን ሕፃን ኢየሱስን ደግፏል፣ በሌላው በትሩን ይዟል፤ በየትኛው እጁ ነው ሞተር የሚያስነሳው? ሞተሩን ያስነሱት አገዳ ቆራጮች ናቸው፣ እልሁም የዣንዲራ ነው። ሰው ግን ድሃ የሠራውን ሥራ ለቅዱሳን መስጠት ይወዳል።

ዣንዲራ እዚሁ ዡሳራ ነው የተወለደችው፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ካለው የቆራጮች ሰፈር። እናቷ አገዳ ቆራጭ፣ አባቷ አገዳ ቆራጭ፤ እሷም ገጀራ ማንሳት ሳትችል ገና አገዳ ታስር ነበር። በኛ አገር እነዚህን ሰዎች "ቀዝቃዛ በሎች" ይሏቸዋል። ጎህ ሳይቀድ በክፍት የጭነት መኪና እንደ ከብት ተጭነው ይወጣሉ፤ ሩዝና ቦሎቄያቸውን በቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ይይዙና ቀትር ላይ፣ እሳት በሌለበት ማሳ መሀል፣ ቀዝቅዞ እንደረጋ ይበሉታል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ይቃጠላል። ጥላሸቱ በንፋስ መጥቶ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ሲያርፍ እኔ እራገማለሁ፤ እሷ ግን እዚያው ጥላሸት ውስጥ ቆማ ነበር የምትውለው። ግራ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ገጀራ የበላው ጠባሳ አለ። ስትናደድ እሱን ታሻለች። ጠባሳውን ስታሽ ካየሁ እኔ ዞር እላለሁ።

መንዳት የተማረችው በቆራጮቹ መኪና ነው። ሹፌሩ ሰካራም ስለነበር ሰኞ ሰኞ መሪውን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል፤ ወንዶቹ ሲፈሩ እሷ ያዘች። ያኔ ነው እንግዲህ መንግሥት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነዳጅ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ መኪናው ሁሉ ከሸንኮራ በሚወጣ አልኮል ይነዳ ያለው። መላ ብራዚል አልኮል ላይ ወደቀ። ሰዉ ድሮም ጠጪ ነበር፣ አሁን መኪናውም ተጨመረ። መንገዱ ሁሉ አረቄ አረቄ ይሸት ጀመር። የዣንዲራ ባል ሌላ ከተማ ሥራ አለ ብሎ ሄዶ በዚያው የውሃ ሽታ ሆነ። እሷ ሴት ልጇን ይዛ፣ ከአፏ እየነጠቀች አጠራቅማ፣ በአልኮል የምትሄድ ያገለገለች ቡናማ ቮልስ ገዛች።

ቮልሷን ይዛ የመጣች ቀን ከጭማቂ ቤቴ ፊት አቆመቻትና ወርዳ ጣሪያዋን መታ መታ አደረገች።

"ሲርሌይ፣ እስከዛሬ አገዳውን እኔ ተሸክሜው ኖርኩ" አለችኝ። "ከእንግዲህ እሱ ይሸከመኝ።"

ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ቃል ነው የወጣው።

ከኔ ጭማቂ ቤት ማዶ፣ አደባባዩን ተሻግሮ፣ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ታክሲ ተራው ነበር። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ስልክ አለ፤ ሰው ሲደውል ከፊት የቆመው ታክሲ ይነሳል፣ ሌላው ይጠጋል። ያኔ በከተማችን ታክሲ የምትነዳ ሴት አልነበረችም። ወንዶቹ ሴት እዚህ ምን ትሠራለች ብለው ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ ዝም ያሰኛቸው የተራው አለቃ አደማር ነው። አደማር የዣንዲራ አበልጅ ነበር፤ ልጇን ክርስትና ያነሳላት እሱ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ይህንን ደጋግሜ እናገራለሁ። ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እሷን ለማስገባት ግን ያን ቀን አልፈራም።

ከስልኩ አጠገብ፣ እዚያው ምሰሶ ላይ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቅዱስ ክርስቶፎሮስ ይቆማል። የሹፌሮች ጠባቂ ነው። ተሳፋሪ ይዞ የሚወጣ ሁሉ መስታወቱን በጣቱ ሳይነካ አይነሳም ነበር። ሐምሌ ላይ በዓሉ ሲደርስ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሹፌር ቅዱሱን ከሳጥኑ ያወርድና በመኪናው ጣሪያ ላይ ያስረዋል። የከተማው መኪና ሁሉ፣ ታክሲው፣ የጭነቱ፣ የወተቱ፣ ከኋላው ተሰልፎ ኮረብታው ላይ እስካለችው ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ቄሱ ጠበል ይረጫሉ። ሲመሽ ቅዱሱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ደንብ አለ፦ ያወረደ ይመልሳል። ሌላ እጅ አይነካውም። አንድ ዓመት ያወረደው ሹፌር በዓሉ ላይ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ ተሸክመውት መጥቶ ነው የመለሰው። በዚህ ደንብ ማንም ቀልዶ አያውቅም።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ውጭ አገር ስኳር ተወደደ አሉ፣ ፋብሪካዎቹም አገዳውን ሁሉ ስኳር ማድረግ ጀመሩ። አልኮል ከማደያ ጠፋ። በሸንኮራ ባሕር መሀል ተቀምጠን፣ ከሸንኮራ የሚወጣ ነዳጅ አጣን፤ እንዲህ ዓይነት ጉድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማደያው ጋ ያለው ሰልፍ የመቃብሩን አጥር ይዞር ነበር። በአልኮል የምትሄድ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንደተታለለ ሙሽራ ቆሞ ቀረ።

ያኔ የተሠራውን ሞኝነት ብናገር አያልቅም። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ሹፌር፣ አልኮል አልኮል ነው ብሎ፣ ከግሮሰሪ የገዛውን አረቄ በሳጥን አምጥቶ ነዳጁ በሚቀመጥበት ሰልባትዮ ውስጥ ገለበጠው። የግሮሰሪ አረቄ ከግማሹ በላይ ውሃ መሆኑን ማን ይንገረው? መኪናዋ ሁለት ሦስቴ አስላ ከባቡር ሐዲዱ ላይ ቀጥ አለች፤ ከውስጥ ደግሞ ሙሽራ ተሳፍራለች። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ሄዳ ተዳረች። አባቷም ሹፌሩን ሲያባርረው ከተማው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ያ ሰውዬ አረቄውን አለመጠጣቱ ነው እስከዛሬ የሚገርመኝ።

ቀስ በቀስ ሹፌሮቹ ሞተራቸውን ወደ ቤንዚን አስቀየሩ። ከሐዲዱ ማዶ አንድ መካኒክ ነበር፤ ካርቡሬተሩን ነካክቶ፣ ይሄንን ፈቶ ያንን አጥብቆ ይመልስልሃል። ግን ለአልኮል ተብሎ የተሠራ ሞተር ቤንዚን ሲሰጡት አይወድም። ውስጡ ሚስማር የተበተነ ይመስል ይንኳኳል። ያም ሆኖ ይሄዳል፤ ሹፌሮቹም ከመቆም መንኳኳት ይሻላል አሉ። አደማርም አስቀየረ። በመጨረሻ ከተራው ሁሉ በአልኮል የቀረችው የዣንዲራ ቡናማ ቮልስ ብቻ ሆነች።

አንድ ከሰዓት ሁሉም እኔ ጋ ጭማቂ እየጠጡ ሲቀልዱባት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አላት አንዱ። ሌላው፣ መኪናሽን መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር አስገቢያት፣ ስካር ታቆም አላት። እሷ ጭማቂዋን ትጠጣለች። ጠባሳዋን እያሸች መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ አደማር በለሆሳስ፣ እንደ ወንድም፣ ተናገራት።

"አበልጄ፣ የካዱሽ እኮ ፋብሪካዎቹ ናቸው። ለማን ብለሽ ነው የምትቸገሪው?"

"ፋብሪካው ካደኝ እንጂ አገዳው መች ካደኝ" አለችው። "አባቴ አገዳ ሥር ሞተ። እናቴ ጥላሸት እንዳሳላት ሞተች። በሕይወቴ ከዚያ ማሳ የተመለሰልኝ ነገር ቢኖር ይቺ መኪና ናት። እኔ በቁሜ በሷ ጉሮሮ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አይወርድም።"

ይሄ እንኳ ደግ ነው፣ እሰየው ነው። ቀጥሎ ያደረገችው ግን እብደት ነበር። አልኮል ብርድ ይፈራል፤ ውርጭ ባለበት ጠዋት ብቻውን አይነሳም። ለዚህ ብለው እያንዳንዷ የአልኮል መኪና ላይ ለማስነሻ የሚሆን ቤንዚን የሚይዝ ትንሽ ዕቃ አድርገዋል፤ ጠዋት ጠብ ታደርግላታለህ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ በአልኮሉ ይቀጥላል። ዣንዲራ ተነስታ ሄደች፣ ያንን ዕቃ ከመኪናዋ ፈታች፣ በሰው ሁሉ ፊት ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ባዶውን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አበባ ትከይበት አለችኝ። በኋላ ለብቻዋ ስትሆን ያላልኳት የለም። ሐምሌ ሲመጣ ልብስሽን አውልቀሽ ነው የምታሞቂያት ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ።

አልኮሉን ከየት ታመጣለች አትሉም? ከወንዙ ማዶ ዠኔዚዮ የሚባል ሽማግሌ የመዳብ ጋኑን ጥዶ አረቄ ያወጣል። አረቄ የሚያወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አይጠጣም፤ ዓይን ያጠፋል። ዠኔዚዮ ያንን ለጉልበቱ ቁርጥማት ይቀባው ነበር፣ የተረፈውን ይደፋዋል። ዣንዲራ ሄዳ፣ የምትደፋውን አትድፋው፣ መልሰህ ጣደውና ዳግም አውጣልኝ አለችው። ሽማግሌው ጨዋታ ይወዳል፤ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳሰክር ኖሬ አሁን መኪና ላስክር ብሎ እሺ አላት። እሷ ደግሞ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰዋለች። ማደያው ሲያገኝ ከማደያው፣ ሲያጣ ከዠኔዚዮ ዳግም አረቄ እየቀዳች ዓመቱን ገፋች። ተራው ላይ ስታልፍ ሽታዋ ብቻ ያሰክር ነበር።

ችግሩ ግን አንዳንዴ ስልክ ተደውሎ ተራዋ ሲሆን መኪናዋ አልነሳ ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ራሷ ዠኔዚዮ ጋ ሄዳ ትጠፋለች። ደንበኛ ማጉረምረም ጀመረ። ሹፌሮቹም ተሰብስበው ወሰኑ፦ ከቅዱስ ክርስቶፎሮስ በዓል ማግስት ጀምሮ በተራው ላይ የሚቆመው የቤንዚን መኪና ብቻ ነው። የሌሎቹ ሁሉ ቤንዚን ስለነበር ይሄ ደንብ ለማን እንደወጣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ የዚያ ዓመት የቅዱሱ ዕጣ የወጣው ለማን ነው? ለዣንዲራ። ዕጣውን እንንጠቃት ያሉ ነበሩ። አደማር ዕጣ የቅዱሱ ፈቃድ ነው፣ አይነካም አለ። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ቅዱሱን ተሸክማ ትመራናለች፣ ሲመሽ ወደ ሳጥኑ ትመልሰዋለች፣ ከዚያ ሂጂ ትባላለች።

አደማር መጥቶ ለምኗት ነበር፤ መካኒኩን እኔ አናግርልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ እሺ በይ አላት። ያቺ ተራ እንጀራዋ መሆኗን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ተራ የሌለው ታክሲ መሬት የሌለው ገበሬ ማለት ነው። ሌላ ሙያ የላትም፣ ወደ ገጀራው መመለስ ካልሆነ በቀር። እኔም አንቺ ሴትዮ ለልጅሽ ስትይ አልኳት። ለልጄ ስል ነው አለችኝ።

የበዓሉ ጠዋት አመዳዩ ማሳው ላይ ተነጥፎ አደረ። እንዲያ ያለ ብርድ እኔ አላስታውስም፤ ጨርቅ ራሱ ገመዱ ላይ ደርቆ ይቆም ነበር። መኪኖቹ አደባባዩን ሞልተው ተሰልፈዋል። ዣንዲራ ቅዱሱን ከሳጥኑ አውርዳ መኪናዋ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ በገመድ አሰረችው፣ የወረቀት አበባ በዙሪያው አደረገች፣ ቄሱ ባረኩ፣ ገባችና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አልተነሳም። ደግማ አዞረች። ወይ ፍንክች።

ሳቅ ከኋላ ጀመረ። ቅዱሱን ብርድ መታው አለ አንዱ። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ በቆሎ የምቀቅልበትን ድስት ከነፈላው ውሃ ተሸክሜ መጣሁ፣ ጨርቅ እየነከርኩ ካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ቱቦ እጠቀልል ጀመር። የድሮ ዘዴ ነው፤ ቱቦው ከሞቀ አልኮሉ ይሞቃል። ጣቴ ተላጠ። ባትሪው እየደከመ ድምፁ ቀጠነ። የዣንዲራ ፊት አመድ መስሎ ነበር፣ ግን አልወረደችም።

ያኔ አደማር መጣ። በኮቱ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ ይዟል። ለማሾፍ አልነበረም፣ በእግዜር ስም እምላለሁ። ወደ መስኮቷ ጎንበስ ብሎ እኔ ብቻ እንድሰማው ሆኖ ተናገረ።

"አበልጄ፣ ለማስነሻ ነው። ትንሽ ጠብ ላድርግላት። ማንም አያውቅም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በልቤ ተቀበዪው፣ ተቀበዪው እያልኩ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጠርሙሱን አየችው።

"መኪናዋ ታውቃለች" አለችው። መስኮቱን ዘጋችው።

አደማር ጠርሙሱን ኮቱ ውስጥ መልሶ ሄደ። እኔም ጨርቄን ጥዬ አለቀ፣ ደቀቀ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ከሰልፉ መጨረሻ የቆራጮቹ የጭነት መኪና በር ሲከፈት የሰማሁት። ለቡራኬ መጥተው ነበር፣ በዓልም ቢሆን ከሰዓት ማሳ ይጠብቃቸዋል፤ ሴቶቹ ራሳቸውን እስከ ዓይናቸው በሻሽ ጠምጥመዋል፣ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ አስረዋል። አንዲት አሮጊት ቀድማ ወረደች። ማንንም ሳታስፈቅድ በመኪኖቹ መሀል አልፋ መጣች፣ የቮልሷን ኋላ በመዳፏ መታችው።

"የኔ አገዳ ከገባባት ትነሳለች" አለች ለጓደኞቿ። "የናንተ ከሆነ ግን አላውቅም።"

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ትከሻቸውን ሰጡ። እኔም ሰጠሁ። ከአደባባዩ ወደ መቃብሩ የሚወርድ ቁልቁለት አለ፤ ወደዚያ ገፋናት። ቅዱሱ ከላይ ይወዛወዛል፣ የወረቀቱ አበባ ይረግፋል። ወንዶቹ መሳቅ አቁመው ቆመው ያዩናል፣ አንድ ስንኳ የረዳን የለም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ዣንዲራ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ ደነገጠች፣ አሳለች፣ ቆመች ስንል ደግሞ አሳለች። ከዚያ ያዘች። የዠኔዚዮ ዳግም በጭስ ማውጫው ተንቦለቦለ። እኔ መንገዱ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አሮጊቷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የኔው ነው ብያችሁ ነበር ብላ ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ኮረብታውን እንዴት እንደወጣች አትጠይቁኝ፤ ወጣች። በእግር ፍጥነት፣ ቅዱሱን ይዛ፣ አንዴም ሳትቆም። ከኋላዋ ወደ ቤንዚን የተቀየሩት መኪኖች ዳገቱ ላይ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጡ ነበር። ቄሱ ከሁሉ አስበልጠው የረጩት የቆራጮቹን መኪና ነው። ያንን አይቻለሁ።

ሲመሽ ሁላችንም ምሰሶው ሥር ተሰበሰብን። አደማር የመስታወቱን ሳጥን ከፍቶ ቆሟል። ዣንዲራ አደባባዩን ዞራ መጣችና ከፊቱ አቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም። ወርዳም ቅዱሱን አልፈታችም።

"አበልጄ፣ ነገ ቦታዬ አለ?" አለችው።

አደማር ሹፌሮቹን አየ፣ ሹፌሮቹ መሬት አዩ። ሰውየው ጠዋት ያየውን ያውቃል። አለ ቢል ማንም ባልተቃወመው ነበር፣ እኔ እርግጠኛ ነኝ። ግን ፈራ።

"የተወሰነ ነገር ነው" አላት። "እኔ ብቻዬን አይደለሁም።"

"እንግዲያው ያወረደ ይመልሳል። እኔ ደግሞ የምመልስበት ቦታ የለኝም" አለች። "ቦታ ሳገኝ እመልሰዋለሁ።"

ማርሽ አስገብታ ተነሳች። አደባባዩን ተሻገረች፣ ቅዱሱ ጣሪያዋ ላይ እንደታሰረ፣ መጥታ ከጭማቂ ቤቴ ፊት፣ መጀመሪያ ቀን ያቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ሲርሌይ፣ ለሁለታችን የሚሆን ቦታ አለሽ ወይ አለችኝ። ወዲያው የአገዳ እስሬን ወደ ጎን ጎተትኩላት። ከማዶ ሹፌሮቹ ባዶውን ሳጥን ከበው ቆመው ነበር፤ አንዳቸው እንኳ ገመዱን ሊፈታ አልመጣም። ደንቡ የነሱው ደንብ ነው፣ ማን ይነካዋል?

በማግስቱ ጠዋት ማዶ ያለው ስልክ ተደወለ። ከፊት የቆመው ሹፌር እንደለመደው መስታወቱን ሊነካ እጁን ሰደደና ባዶ መሆኑን አይቶ እጁን ኪሱ ከተተ። ያው ሹፌር ከሰዓት ጎማው ፈነዳ። ጎማው ራሱ መላጣ ነበር፣ እኔ አይቼዋለሁ፤ ግን እሱን ማን ያሳምነው? ሰውም ቅዱሱን ሊሳለም ወደኛ ይሻገራል፤ ከተሳለመ በኋላ እዚያው ያለችው መኪና ውስጥ ይገባል፣ ምን ብሎ ይመለሳል? ሹፌሮቹ ቄሱ ጋ ሄደው ከሰሷት። ቄሱ ያወረደ ይመልሳል ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ ብለው ሸኟቸው። ከዚያ አንዱ እሷን እንዳላየ ሆኖ መኪናውን አምጥቶ ከኋላዋ ገተረ። አላባረረችውም። ሌላው ተከተለ። አረቄ የገለበጠው ሰውዬም መጣ፤ እሱን እንኳ ጥቂት ቀለድንበት።

አደማር የመጨረሻው ነበር። ሳናየው ሰማነው፣ ሞተሩ እየተንኳኳ ነው የመጣው። ወርዶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ። ዣንዲራ መስታወቷን ትወለውል ነበር፣ ቀና አላለችም። ጠባሳዋን እያሸች እንዳልሆነ አይቼ እኔ ዞር አላልኩም።

"አበልጄ" አላት፣ "ቤንዚን የሚጠጣ እዚህ ይቆማል?"

"እዚህ ማን ምን እንደሚጠጣ አንጠይቅም" አለችው። "ኋላ ተሰለፍ።"

ሄዶ ከሁሉም ኋላ ተሰለፈ፣ የተራው አለቃ። ከዚያ የመኪናውን ክዳን ከፍቶ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የመስታወቱ ሳጥን ነው፤ ከምሰሶው ፈትቶት መጥቷል። መዶሻና ሚስማር ጠየቀኝ፣ ከሸንኮራ ማሽኔ በላይ ግድግዳዬ ላይ እሱ ራሱ ሰቀለው፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ዣንዲራ ጨርቋን ጣለች። የታሰረበትን ገመድ ፈታች፣ ቅዱሱን ከጣሪያዋ አወረደች፣ በቀሚሷ አቧራውን ጠረገችለትና ሳጥኑ ውስጥ አቆመችው።

ዛሬ መሪውን የያዘችው ልጇ ናት፤ ያሁኖቹ መኪኖች አልኮልም ቤንዚንም የሰጠሃቸውን ይጠጣሉ፣ ነገሩም ተረስቷል። ቅዱሱ ግን እዚያው ነው፣ ከማሽኔ በላይ። ያወረደችው እሷ ናት፣ የመለሰችውም እሷ ናት፤ መኪናዋን የገፋትም ሰው ነው። ተአምር ነው የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ፣ ጭማቂውን ሳይጨርስ አስነሳዋለሁ።